ባለሙያ የጠገነውን ሊያይ ዳግመኛ ሲመጣ ዋጋ ይገባዋልን?

በሰው ኑሮ ውስጥ መራራው ቅሬታ ሁልጊዜ ከትልቅ ነገር አይነሣም። ስለ ርስትና ስለ ደም የተጣሉ ሰዎች በዳኛ ፊት ቆመው፥ ሽማግሌ ገብቶባቸው፥ አንድ ቀን ይታረቃሉ። ስለ አንድ ቧንቧ ወይም ስለ አንድ ቆርቆሮ የተቀያየሙ ጎረቤቶች ግን ነገሩን ለዳኛ የማይበቃ ትንሽ ነው ብለው ስለሚተዉት፥ ቅሬታው በልብ ውስጥ ተቀብሮ ዓመት ሙሉ ይኖራል። ስለዚህ ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ትንሽ መስሎ ቢታይም አንባቢ እንዳይንቀው እንለምናለን።

ጥያቄው ይህ ነው። አንድ ባለሙያ በሰው ቤት ገብቶ ጣራ ወይም ግድግዳ፥ ቧንቧ ወይም የመብራት መስመር ጠግኖ፥ ዋጋውን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ፥ የጠገነው ነገር እንደ ገና ተበላሽቶ ቢጠራ፥ ዳግመኛ ለመጣበት ዋጋ መቀበል ይገባዋልን ወይስ አይገባውም?

ይህ ጥያቄ በየአገሩ ያለ ነው፤ እኛ ግን በኩልፎ ወንዝ አጠገብ ካለችው ከአርባ ምንጭ ከተማ እንጀምራለን። ከተማይቱ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከደጋው ከጨንቻ ወደ ቆላው በወረደበት በ1950ዎቹ ዓመታት ያደገች ናት። በሴቻም ሆነ በሲቀላ የጭቃው ቤትና የሲሚንቶው ቤት ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። የቆላው ፀሐይ ልስኑን ያደርቃል፥ ምስጡ እንጨቱን ይበላል፥ በሚያዝያና በግንቦት የሚወርደው ዝናም ደግሞ ጣራውን ይመረምራል። ስለዚህ ግንበኛና አናጢ፥ የቧንቧና የመብራት ሠራተኛ ከሰው ደጅ አይጠፋም፤ ከእርሱም ጋራ ይህ ጥያቄ አይጠፋም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በሲቀላ የምትኖር አንዲት ባልቴት እናስብ። ጣራዋ ቢያፈስባት በጥር ወር ባለሙያ ጠርታ ሁለት ቆርቆሮ አስቀየረች፥ ዋጋውንም ከፈለች እንበል። በሚያዝያ ዝናሙ በወረደ ጊዜ ውኃው እንደ ገና በአልጋዋ ላይ ተንጠባጠበ። ሰውየው ተጠርቶ መጣ፤ መሰላል አቁሞ ወጣ፥ መታ፥ አጠበቀ፥ ወረደም፤ «እትዬ፥ የዛሬውን የእጅ ዋጋ ይስጡኝ» አለ። እርስዋም «ልጄ፥ የምን ዋጋ? ቤቴ እንዳያፈስ ብዬ ከፈልሁህ፥ ይኸው ያፈሳል። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ይሸጣልን?» አለችው። እርሱም መልሶ «እትዬ፥ እኔ ያን ጊዜ የቀየርሁት ሁለት ቆርቆሮ ነው፤ እርሱም አላፈሰሰም። አሁን ያፈሰሰው ያረጀው ጎን ነው። ዛሬ ሌላ ሥራ ትቼ መጥቻለሁ፤ ልጆቼ ዛሬ የሚበሉት ዛሬ በማገኘው ነው እንጂ በጥር በተከፈለኝ አይደለም» አላት።

አንባቢ ሆይ፥ ከሁለቱ ማንኛቸው ዋሹ? ማንኛቸውም አልዋሹም። ነገር ግን ሁለቱ ስለ አንድ ነገር የተነጋገሩ መስሏቸው ስለ ሁለት ነገር ተነጋግረዋል። እርስዋ የገዛችው ደረቅ ቤት ነው፤ እርሱ የሸጠው የእጁን ድካም ነው። በጥር ወር ዋጋ ሲነጋገሩ ይህ ልዩነት አልታየም፤ ዝናሙ ሲመጣ ግን ታየ። እንግዲህ የክርክሩ ሥር በሚያዝያ ሳይሆን በጥር ነበረ ማለት ነው። «ነገር ከሥሩ፥ ውኃ ከጥሩ» ማለት ይህ ነው።

የሥራው ዓለም ራሱ ይህን ልዩነት ካወቀው ቆይቷል፤ ስለዚህ ሁለት ስም አወጣለት፤ አንዱ የቀን ሥራ፥ ሁለተኛው የቁርጥ ሥራ። የቀን ሠራተኛ ቀኑን ይሸጣል፤ ከጧት እስከ ማታ ሳይለግም፥ የሚያውቀውን ሳይደብቅ ከሠራ ዕዳውን ከፍሏል። ቁርጥ የያዘ ሰው ግን የሚሸጠው ያለቀ ነገር ነው፤ በአንድ ቀን ቢጨርሰው ትርፉ የእርሱ ነው፥ በአምስት ቀን ቢጨርሰው ጉዳቱ የእርሱ ነው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ፥ ቁርጥ የያዘው ሰው ሥራው በእጁ ጉድለት ቢፈርስ ዳግመኛ የሚመጣው ወደ አዲስ ሥራ አይደለም፤ ያላለቀውን የመጀመሪያውን ሥራ ለመጨረስ ነው። ላላለቀ ሥራ ደግሞ ሁለት ዋጋ የለውም።

በዚህ ነገር የቀደሙት ሰዎችም ተጨንቀውበታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት በባቢሎን የነገሠው ሐሙራቢ በድንጋይ ባስቀረጸው ሕግ፥ ግንበኛ የሠራው ግድግዳ በአሠራሩ ጉድለት ያዘነበለ እንደ ሆነ በገዛ ገንዘቡ መልሶ እንዲያጸናው አዘዘ። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሕንፃ የሠራ ተቋራጭ ለሥራው ጽናት 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል። በሁለቱ ሕጎች መካከል ከ3,600 ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አለ፤ ፍርዳቸው ግን አንድ ነው፤ ይኸውም የሠራ ሰው ገንዘቡን በተቀበለ ጊዜ ከሥራው ነጻ አይወጣም የሚል ነው። ሆኖም ለትልቁ ሕንፃ የተጻፈው ሕግ ወደ ባልቴቲቱ ቆርቆሮ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ይደክማል። ስለ ሁለት ቆርቆሮ ጠበቃ የሚያቆም የለምና። ሕግ በደከመበት ስፍራ ኅሊና ይፈርዳል።

ስለ ኅሊና ፍርድ ከተነሣ፥ ካህናት አንባብያን የሚያውቁትን የኦሪት ዘሌዋውያንን 14ኛ ምዕራፍ ማስታወስ ይገባል። በዚያ ስፍራ ስለ ታመመ ቤት የተሠራ ሥርዓት አለ። በግድግዳው ላይ ደዌ የታየበት ቤት ባለቤት ለካህኑ ይነግራል፤ ካህኑም መጥቶ ያያል፥ ቤቱንም 7 ቀን ይዘጋዋል፥ በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ያያል። ደዌው ሰፍቶ ቢያገኘው የታመሙት ድንጋዮች ወጥተው ሌሎች ይገባሉ፥ ቤቱም ዳግመኛ ይመረጋል። ከተመረገ በኋላ ደዌው ቢመለስ ካህኑ እንደ ገና መጥቶ ያያል፤ ሰፍቶ ቢገኝ ቤቱ ይፈርሳል፥ ካልሰፋ ግን ንጹሕ ነው ይባላል።

ከዚህ ሥርዓት ለጥያቄያችን ሦስት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፥ ጥገና አንዳንድ ጊዜ እንደማይጸና ሕጉ አስቀድሞ ዐውቋል፤ ስለዚህ ሥራው ተበላሸ ብሎ ወዲያው መራጊውን ሐሰተኛ አላለውም። ሁለተኛ፥ ከፍርድ በፊት ማየት አለ፤ ካህኑ ሳያይ አይፈርድም። ሦስተኛ፥ ደዌው ከምርጊቱ በኋላ ሰፍቶ በተገኘ ጊዜ ፍርዱ የወደቀው በቤቱ ላይ ነው እንጂ በመራጊው ላይ አይደለም፤ ሕመሙ ከሰው እጅ ሳይሆን ከቤቱ ከራሱ እንደ ሆነ ተረጋግጧልና። እንግዲህ ዋጋ ይገባዋል ወይስ አይገባውም ከማለታችን በፊት፥ ጉድለቱ ከየት መጣ ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ጉድለት ከሦስት ስፍራ ይመጣል፤ ከእጅ፥ ከዕቃ፥ ከአያያዝና ከጊዜ።

ከእጅ የሚመጣው ይህን ይመስላል። የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው በጉብታው ላይ ነው እንጂ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይደለም። ባለሙያ ነኝ ብሎ በቦዩ ላይ የመታ ሰው፥ ውኃው በሚስማሩ ቀዳዳ በገባ ጊዜ ጥፋቱ የእርሱ ነው። እንዲሁም የጭቃ ቤት የመጀመሪያ ምርጊት ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ መራጊ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ከደረቀ በኋላ ተመልሶ በላመ ጭቃ ሁለተኛ ይለስነዋል። ይህን መመለስ «ዳግመኛ መጣሁ» ብሎ ዋጋ የሚጠይቅበት መራጊ የለም፤ መመለሱ የሥራው ክፍል ነውና። ቸኩሎ በአንድ ምርጊት ጨርሶ የሄደ ሰው ግን ስንጥቁ ሲታይ ቢጠራ፥ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባውን አሁን አደረገ እንጂ አዲስ ነገር አልጨመረም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ አፍሳ ለለቀመችበት ግን ዋጋ የሚከፍላት የለም።

ከዕቃ የሚመጣውን ለመፍረድ ዕቃውን ማን ገዛው ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ባለሙያው ራሱ የገዛው እንደ ሆነ ለቤቱ ባለቤት ኀላፊው እርሱ ነው፤ እርሱም በበኩሉ ነጋዴውን ይጠይቅ። ባለቤቱ ርካሹን መርጦ የገዛው እንደ ሆነ ግን የርካሹን ጉዳት ራሱ ይቻለው። ሆኖም እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ባለሙያው ዕቃው ደካማ መሆኑን እያወቀ፥ ሥራው እንዳይቀርበት ብሎ ዝም ብሎ ከገጠመው፥ በዕቃው ጥፋት ውስጥ ገብቷል። ባለቤቱ የባለሙያን እጅ ብቻ አልተከራየም፤ ዐይኑንም ዕውቀቱንም ተከራይቷልና።

ከአያያዝና ከጊዜ የሚመጣው ሦስተኛው ነው። የሲሚንቶ ልስን ከተሠራ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ያህል ውኃ መጠጣት አለበት፤ በሲቀላ ሙቀት ይህን ያልጠጣ ልስን ይሰነጠቃል። ግንበኛው «ጧትና ማታ ውኃ አጠጡት» ብሎ ሄዶ የቤቱ ሰዎች ከዘነጉት፥ ስንጥቁ የእነርሱ ነው። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ የእንጀራ ምጣድ ሰክቶ ሶኬቱን ያቃጠለ ሰውም መብራት ሠራተኛውን ሊወቅስ አይችልም። ኩልፎ ሞልቶ ግድግዳ ቢወስድ ደግሞ ማን ማንን ይከስሳል?

ስለ ጊዜ ሥራ ግን ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው ደጋ የሚበልጥ አስተማሪ አናገኝም። የዶርዜ ሰው ቤቱን እንደ ቅርጫት በቀርከሃ ፈትሎ ይሠራዋል፤ ደጁም እንደ ዝሆን ፊት ወደ ውጭ ይወጣል። አዲስ በሆነ ጊዜ ከፍታው እስከ 12 ሜትር እንደሚደርስ ይነገርለታል። ከዚያ በኋላ ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፥ የተበላውም ይቆረጣል፥ ቤቱም ዓመት በዓመት እያጠረ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይኖራል፤ ስፍራው ካልተስማማም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞት ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። ቤቱ አጠረ ተብሎ የፈተለው ሰው ሊወቀስ አይገባም፤ ምስጥ የማይበላው ቀርከሃ እሰጣለሁ ብሎ አልማለምና። ቤት የሚያረጅ ነገር መሆኑን ያወቀ ባለቤት ከሰው እጅ የዘላለምን ዋስትና አይጠይቅም። ስለዚህ ጊዜ የበላውን ሊጠግን ለመጣ ሰው ዋጋ መንሣት ድካሙን መስረቅ ነው፤ የሠራተኛን ዋጋ እስከ ነገ ማሳደርን እንኳ ኦሪት ከልክሏልና፥ ፈጽሞ መንሣትማ ምን ያህል ይከፋ!

እስከ አሁን የተናገርነው በባለሙያው ላይ የሚከብድ ይመስላል። አሁን ደግሞ ወደ ቤቱ ባለቤት እንመለስ፤ የብዙው ክርክር ምንጭ በእርሱ ደጅ ነውና።

የእጅ ዋጋ ሲነጋገሩ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ባለሙያው አንድ ዋጋ ይጠራል፤ ባለቤቱ ግማሹን ይላል። «ይህ ምን ሥራ አለው? የአንድ ሰዓት ነገር ነው» ይለዋል። ባለሙያው ቤቱ ውስጥ የሚጠብቁትን አስቦ ይቀበላል። ነገር ግን ዋጋው በጎደለ መጠን ሥራውም ይጎድላል፤ ሁለት ጊዜ የሚለሰነው አንድ ጊዜ ይለሰናል፥ ሙሉ የሚቀየረው ይጠጋገናል። ከሦስት ወር በኋላ ሥራው ሲፈርስ ባለቤቱ «ዋስትናህ ወዴት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ዋስትናው እኮ በዚያን ቀን በክርክር የተቆረጠው ግማሽ ዋጋ ውስጥ ነበረ! ሙሉ ዋጋ ማለት የድካም ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ባለሙያው ቢሳሳት ተመልሶ የሚያርምበትን ቀን ጭምር የያዘ ዋጋ ነው። ሙሉ የከፈለ ሰው የመመለሻውን ቀን አብሮ ገዝቷል፤ ዋጋውን የሰበረ ሰው ግን የመመለሻውን ቀን በገዛ እጁ አስቀርቶታል።

ዋጋ መስበር ደግሞ በአገራችን ከንፉግነት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከንቀትም ጭምር ነው። ባለ እጅን መናቅ የቆየ በሽታችን ነው። ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ሸክላ ሠሪዋን፥ ፋቂውን በሥራው ስም እየጠሩ መስደብ እንዲቀር ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደረሱ። በጋሞም ምድር ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚያለፉ ቤተ ሰቦች ከሌላው ተለይተው፥ በጋብቻና በማዕድ ተገልለው የኖሩበት ዘመን ረጅም ነው። ዛሬ ስድቡ በአፍ ቢቀንስ በዋጋ ላይ ቀርቷል። ቆቡን አውልቆ ለሐኪም ያለ ክርክር የሚከፍል ሰው፥ ከግንበኛ ጋራ ግማሽ ቀን ይከራከራል። የተናቀ ሰው ደግሞ ስሙን ለመጠበቅ አይደክምም፤ የሚጠብቀው ስም አልተሰጠውምና። ስለዚህ ባለሙያው ሥራውን ትቶ ሲሰወር፥ ስልክ ሲደወልለት ዝም ሲል፥ «ባለሙያ ሁሉ እንዲህ ነው» ማለት ይቀለናል። ጌታችን በናዝሬት ጸራቢ ተብሎ እንደ ተጠራ፥ ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ እንደ ኖረ በቤተ ክርስቲያን የምንሰማ ሰዎች ይህን ንቀት ከማንም በፊት ልንጥለው ይገባን ነበር።

አሁን ወደ ጭንቁ ነገር ደርሰናል። ምክንያቱ የታወቀ እንደ ሆነ ፍርዱ ቀላል ነው፤ ምክንያቱ ያልታወቀ እንደ ሆነስ? ቧንቧው ለምን እንደ ገና አንጠባጠበ? ላስቲኩ ነው፥ አገጣጠሙ ነው፥ ወይስ የቤቱ ልጅ አጥብቃ ስለ ዘጋችው ነው? ብዙ ጊዜ ይህን ሊያውቅ የሚችል ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ባለሙያው ራሱ ነው። መሰላሉ ላይ የወጣው እርሱ ነው፤ ባልቴቲቱ ከታች ቆማ የእግሩን ጫማ ብቻ ታያለች። እንግዲህ ባለሙያው በገዛ ነገሩ ዳኛ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። «ያረጀው ጎን ነው» ቢል ማን ይመሰክርበታል?

የጥያቄያችን እውነተኛ ክብደት እዚህ ላይ ነው። ነገሩ የጥቂት ብር ጉዳይ አይደለም፤ አንድ ሰው ማንም በማያየው ጣራ ላይ ሆኖ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ለማለት ይችል እንደ ሆነ የሚፈተንበት ነው። የጋሞ አባቶች ጎሜ የሚሉት ነገር አላቸው። የተከለከለውን አድርጎ የደበቀ ሰው፥ ነገሩን አውጥቶ እስኪናገርና እስኪታረቅ ድረስ ጉዳቱ በቤቱና በወገኑ ላይ ያርፋል ይላሉ። ነገርም የሚታየው በዱቡሻ፥ በአደባባይ፥ ሁሉ ተቀምጦ በሚሰማበት ስፍራ ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም የተሰወረ ኀጢአት በኑዛዜ እንዲወጣ ታስተምራለች። የሁለቱ መንገድ ቢለያይም፥ የተደበቀ ጥፋት በደበቀው ሰው ላይ ብቻ ታጥሮ እንደማይቀር ሁለቱም ያውቃሉ። አንድ ባለሙያ ጥፋቱን በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ ባሳበበ ጊዜ የአንዲት ባልቴት ገንዘብ ብቻ አልወሰደም፤ ነገ እውነቱን ተናግሮ «ያረጀው ጎን ነው» የሚለውን የሌላውን ባለሙያ ቃልም አብሮ አርክሶበታል።

ምክንያቱ በእውነት ሲያጠራጥር እንዲህ ቢሆን መልካም ይመስለናል። መጥቶ ማየት ያለ ዋጋ ይሁን፤ የኦሪቱ ካህን በሰባተኛው ቀን እንደ ተመለሰ፥ የሠራውን ተመልሶ ማየት የባለሙያው ዕዳ ነውና። ካየ በኋላ ጥፋቱ የእጁ ሆኖ ካገኘው እጁንም ዕቃውንም ይክፈል። የእጁ ካልሆነ ባለቤቱ ምክንያቱን በዐይኑ አይቶ ሙሉ ዋጋ ይክፈል፤ የመጣበትንም የባጃጅ ዋጋ ይጨምር። ከሁለቱ ወደ አንዱ ማድላት ካልተቻለ ግን ባለሙያው ድካሙን፥ ባለቤቱ ዕቃውን ይስጡ። ጥርጥርን ለሁለት መካፈል ከሁለቱ አንዱን ሌባ ከማድረግ ይሻላል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። «ማየት በነጻ ከሆነ ሰው በረባ ባልረባው እየጠራ ባለሙያውን ከሴቻ ሲቀላ ሲያመላልሰው ሊኖር ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ስለዚህ ወሰን ያስፈልጋል። ወሰኑም እንደ ሥራው ጠባይ ይሁን። ጣራ የሚፈተነው በዝናም ነው፤ በጥር የተሠራ ጣራ የሚያዝያንና የግንቦትን ዝናም እስኪያልፍ ድረስ ባለሙያው ይጠየቅበት፥ ከዚያ በኋላ አይጠየቅበት። ልስን የሚፈተነው በመድረቁ ነው፤ ቧንቧ የሚፈተነው ውኃ ሞልቶ ጥቂት ቀን በማደሩ ነው። ሥራው መፈተኛውን ካለፈ በኋላ የሚመጣው ጉዳት የጊዜ እንጂ የእጅ አይደለም ተብሎ ይቈጠር። ይህም ወሰን ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ በሁለት ምስክር ፊት ወይም በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ይነገር፤ አስቀድሞ የተነገረ ነገር በኋላ አያጣላምና።

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችን፥ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች፥ ጥቂት ቃል እንናገር። በየሰበካው የቤተ ክርስቲያን ጣራ ሲያፈስ፥ አጥር ሲዘም፥ ቀለም ሲገረጣ ባለሙያ የምንጠራ እኛ ነን። ባለሙያው ዳግመኛ ሲመጣና ዋጋ ሲጠይቅ «ለበረከት ብለህ ሥራው» የሚለው ቃል ከአፋችን አይርቅም። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ 12ኛ ምዕራፍ የተጻፈውን እናስታውስ። በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን የቤተ መቅደሱ ፍራሽ እንዲጠገን ገንዘብ ለካህናቱ ይገባ ነበር፤ ንጉሡ በነገሠ እስከ 23ኛው ዓመት ድረስ ግን ፍራሹ አልተጠገነም። ከዚያ በኋላ ክዳኑ የተበሳ ሣጥን በመሠዊያው አጠገብ ቆመ፥ ገንዘቡም ለጠራቢዎችና ለግንበኞች ተሰጠ፤ እነርሱም በታማኝነት ይሠሩ ነበርና ሒሳብ አልተጠየቁም። በዚህ ታሪክ ተግሣጽ ያገኘው ባለሙያው አይደለም፤ ገንዘቡን ይዞ ሥራውን ያዘገየው ነው።

በረከት መልካም ነው፤ ነገር ግን በረከት የሚሆነው ባለሙያው ራሱ ወድዶ ሲሰጠው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ወንጌልን የሚሰብክ ከወንጌል ሊኖር መብት እንዳለው ለቆሮንቶስ ሰዎች አስረድቶ ሲያበቃ፥ በመብቱ ግን እንዳልተጠቀመበት ይነግራቸዋል። ልብ በሉ፤ መብቱን የተወው ራሱ ነው እንጂ የቆሮንቶስ ሰዎች አልወሰዱበትም። መብት ያለው ሰው ሲተወው ስጦታ ይባላል፤ መብት የሌለው አስመስለው ሲያስተዉት ግን ቅሚያ ነው፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅም ቢደረግ ስሙ አይለወጥም። ስለዚህ ለባለሙያው አስቀድመን ዋጋውን በእጁ እናስይዘው፤ ከዚያ በኋላ ወድዶ ወደ ሙዳየ ምጽዋት ቢከተው በረከቱ ይድረሰው።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልስ እንስጥ። ጉድለቱ ከባለሙያው እጅ እንደ ሆነ ለዳግም ምጽአቱ ዋጋ አይገባውም፤ የመጀመሪያውን ዋጋ የተቀበለው ለዚህ ጭምር ነበርና። ጉድለቱ ከጊዜ፥ ከአያያዝ ወይም ባለቤቱ ከመረጠው ዕቃ እንደ ሆነ ሙሉ ዋጋ ይገባዋል፤ ይህን የሚነሣው ሰው በድሎታል። ሁለቱም ግን የሚጸኑት በመጀመሪያው ቀን የተከፈለው ዋጋ እውነተኛ ዋጋ የሆነ እንደ ሆነ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንዱ ሌላውን ካልናቀ፥ ሌላውም አንዱን ካላታለለ፥ በሚያዝያ ዝናም ጊዜ የሚነሣው ክርክር ጥቂት ይሆናል።

ባለሙያ ወንድማችን ሆይ፥ ስትጠራ አትሰወር፤ ተመልሰህ ያረምኸው ስንጥቅ በከተማው ሁሉ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ይልቅ ስምህን ያስጠራልሃል። የቤት ባለቤት ሆይ፥ ዋጋውን አትስበር፤ ጣራህን የሚመታልህ ሰው በደስታ ቢመታልህ ለአንተ ይበጃል። ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ለሁላችንም ማንም በማያየው ስፍራ እውነትን የምንናገርበትን ልብ ይስጠን፤ አሜን።